ቀዩ ሽቦ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ጀርመን ከውጭ ኤሌክትሪሺያን እንደምትፈልግ የጻፋችሁትን አነበብኩ። ስለ ቪዛው በደንብ ተብራርቷል። ስለ ሥራው ግን ብዙም አልተባለም። እኔ እዚሁ ፍራንክፈርት በዚሁ ሙያ ነው የማድረው።

እዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ1965 በፊት በተዘረጋ መስመር ቀዩ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ኧርዝ ነው፤ የዕቃውን ቆርቆሮ ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ማለት ነው። በአገሩ ቀይን ፌዝ፣ ማለትም ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ፣ ብሎ የለመደ ልጅ ሳይለካ እንደ ፌዝ ካገናኘው፣ የልብስ ማጠቢያው ቆርቆሮ ራሱ ኮረንቲ ይይዛል። ቀልድ አይደለም።

ከመጋቢት 2024 ወዲህ በአገሩ ዕውቅና ያለው የሁለት ዓመት ሥልጠናና የሁለት ዓመት ልምድ ያለው ሰው፣ ደሞዙ መስፈርቱን ካሟላ፣ ዲፕሎማው እዚህ ሳይመዘን መቀጠር ይችላል። ጀርመኖቹ ደግ አድርገዋል። ግን ቀጣሪዎች አዲሱን ሰው ብቻውን አሮጌ ቤት አይላኩት። የመጀመሪያዎቹን ወራት ከነባር ሠራተኛ ጋር ይውጣ፤ ያውም ሙሉ ደሞዙ ሳይነካ።

አንባቢያችሁ፣ ከፍራንክፈርት