ይድረስ ለሕይወት፤ አጋታ ተመልሳለች

መስከረም 13 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለውድ እህቴ ሕይወት፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረሽ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አክስቴም ደኅና ናቸው፤ ጉልበታቸው ብቻ ደረጃ መውጣት አልፈቅድ ብሏቸዋል።

ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፣ አንቺ የላክሽልኝ የመጨረሻ መልእክት መልስ ሳያገኝ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ስለ ዝምታዬ የምለውን እላለሁ፤ አላልፈውም። አስቀድሜ ግን ብዕር እንዳነሣ ያደረገኝን ነገር ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ከአንቺ በቀር የሚገባው ሰው የለም። አጋታ ተመልሳለች።

ያቺ ጎረቤት! በ2013 ክረምቱ በረዶ፣ ወረርሽኙም ከቤት አላስወጣ ብሎን፣ በየዓርቡ ሶፋው ላይ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን ዋንዳቪዥን የተባለውን የማርቭል ኩባንያ ድራማ ስናይ የነበረው ትዝ ይልሻል? ገና በሁለተኛው ሳምንት፣ «ይህቺ ሴትዮ ሳትጠራ እየደጋገመች የምትመጣው ለቡና አይደለም» ብለሽ ነበር። እኔ ግን፣ ደግ ጎረቤት ናት እያልኩ ተሟገትኩሽ። ሰባተኛው ክፍል የወጣ ዕለት ጠንቋይዋ አጋታ መሆኗ ታወቀ፤ ሁሉንም ነገር ከጀርባ ስትሸርብ የነበረችው እርሷ መሆኗን የሚናገረው ዘፈን ሲመጣ አንቺ ከሶፋው ተነሥተሽ አጨበጨብሽ። ቀኑ የካቲት 12 ነበር። ጠዋት እናትሽ ደውለው ስለ አያታቸው ሲነግሩሽ አልቅሰሽ ነበር፤ ማታ ደግሞ በዚያ ዘፈን ሳቅሽ። ዘፈኑ በ2014 መስከረም የኤሚ ሽልማት ሲያገኝ አንቺ አዲስ አበባ ገብተሽ ነበር።

አሁን ለአጋታ ለብቻዋ ተከታታይ ድራማ ተሠርቶላታል። ስሙም «አጋታ ኦል አሎንግ» ነው፣ ያው የዘፈኑ ስም። ሥራው ይፋ የተደረገው በ2014 ኅዳር አካባቢ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ርዕሱ ደጋግሞ ከተቀያየረ በኋላ እዚህ ላይ ረጋ። ሰው ሁሉ ይህን እንደ መጥፎ ምልክት ቆጥሮት ነበር። ማርቭል ባለፉት ዓመታት ድራማ በድራማ ላይ ስለደራረበ ተመልካቹ ሰልችቶታል። አብራኝ የምትሠራ አንዲት አሜሪካዊት፣ «የክፉዋን ጎረቤት ታሪክ ማን ጠየቀ?» ትል ነበር። እኔ ጠይቄአለሁ። አንቺም እዚህ ብትኖሪ ትጠይቂ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ረቡዕ፣ መስከረም 8፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች በአንድ ጊዜ ተለቀቁ። አክስቴ ቤት ተሰበሰብን፤ እርሳቸው፣ ልጃቸው ቅድስት፣ ያቺ የሥራ ባልደረባዬና እኔ። የተመልካቹን ነገር ነው ልጽፍልሽ የፈለግሁት፣ ምክንያቱም አራታችን አንድ ድራማ አይተን አራት የተለያየ ነገር ነው ያየነው።

ሲጀምር ጠንቋይ የለም፤ አስማት የለም። ፀጉሯ የተንጨባረረ፣ ፊቷ የደከመ አንዲት መርማሪ ፖሊስ በትንሽ ከተማ ውስጥ የግድያ ወንጀል ትመረምራለች። ሰማዩ ግራጫ ነው። ጫካ ውስጥ የአንዲት ሴት አስከሬን ተገኝቷል። ያ በየቴሌቪዥኑ የሞላው፣ የከተማዋን ምሥጢርና የራሷን ሐዘን ተሸክማ የምትዞር መርማሪ ያለበት ድራማ ነው፣ ቁርጥ እርሱን። መግቢያው ላይ እንኳ ታሪኩ ከአንድ የዴንማርክ ድራማ የተወሰደ ነው የሚል ጽሑፍ ይታያል፤ የዴንማርኩ ርዕስ ዋንዳቪዥንን እንዲመስል ተደርጎ የተፈጠረ ነው። ቅድስት ይህን ስታይ በሳቅ ፈረሰች። አክስቴ፣ «የተሳሳተ ፊልም ከፍተሻል፤ ጠንቋይ ያልሽው የት አለ?» አሏት። ባልደረባዬ ደግሞ እጇን አጣምራ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ያነጋገርኳቸው ብዙ ሰዎችም በዚህ ተከፍለዋል፤ ግማሹ የመጀመሪያው ክፍል አዘገመብኝ ይላል፣ ግማሹ ከሁሉ የላቀው እርሱ ነው ይላል። እኔ ከኋለኞቹ ጋር ነኝ። የዋንዳቪዥን ባለታሪክ ጠንቋይዋ ዋንዳ በዚያን ጊዜ የአጋታን ኃይል ነጥቃ በድግምት አሥራት አልነበረም? የአሮጌ አስቂኝ ድራማ ጎረቤት ሆና እንድትኖር የፈረደችባት ሴት፣ ዘመኑ ሲለወጥ ድግምቱም አብሮ ተለውጦ አሁን መርማሪ ሆናለች። የድራማው ፈጣሪ ጃክ ሼፈር ዋንዳቪዥንን የጻፈችበትን ብልሃት አልረሳችውም፤ ሰው ሐዘኑን የሚደብቀው በየዘመኑ በሚያየው ታሪክ ውስጥ ነው።

ከዚያ ያ ትዕይንት መጣ። የአስከሬኗ ማንነት ታወቀ፤ ዋንዳ ናት። አጋታም ነቃች። የመርማሪዋን ልብስ ከላይዋ ትቀድ ጀመር፤ ከሥሩ ሌላ ልብስ አለ፣ ከእርሱም ሥር ሌላ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ2000ዎቹ፣ የ1980ዎቹ፣ የ1970ዎቹ፣ ዋንዳቪዥን ውስጥ የለበሰቻቸው ሁሉ እየተገለጡ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ተጓዙ፣ በመጨረሻ እርቃኗን እስክትቀር። አጋታን የምትጫወተው ካትሪን ሃን ይህን ስትጫወት ፊቷ ላይ ቁጣም ሳቅም ሐፍረትም በአንድ ላይ ነበር። ቅድስት ጮኸች። እስከዚያች ደቂቃ አንድ ቃል ያልተነፈሰችው ባልደረባዬ፣ «እሺ፣ ተሸንፌአለሁ» አለች። እኔ ግን ድራማውን ማየት አቆምኩ ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ልብስ አንድ ዓርብ ነበር፣ ሕይወት። አበባማው ቀሚስ ሲወልቅ ጀበናው የተሰበረበት ዓርብ መጣብኝ። ባለ ጥቁርና ነጩ ዘመን ላይ ሲደርስ ደግሞ የመጀመሪያው ማታ፤ አንቺ፣ «እናቴ ብታየው የልጅነቷ ቴሌቪዥን ይመስላታል» ያልሽበት።

አክስቴ ያዩትን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ከሁሉም ልቤን የነካው እርሱ ነው። ድግምቱ ሲፈታ የፖሊስ ጣቢያው እውነት እንዳልነበረ ይታወቃል፤ አጋታ በገዛ ቤቷ ውስጥ ነው መርማሪ ሆና ስትውል የከረመችው። ሦስት ዓመት ሙሉ! ጎረቤቶቿም እያወቁ አብረዋት ይጫወቱ ነበር። ወጣቶቹ በዚህ ሳቁ። አክስቴ አልሳቁም። «አያችሁ፣ አላሰሯትም፤ አላባረሯትም። አእምሮዋ እስኪመለስ አብረዋት ሆኑ። ጎረቤት እንዲህ ነው» አሉ። በዚያች ከተማ ሰዎች ላይ እንደ ዋንዳ ሁሉ ይህችም ሴት ግፍ ውላባቸው እንደነበር ስነግራቸው፣ «ይበልጣላ!» ብለው ጸጥ አሰኙኝ።

ሁለተኛው ክፍል ፈጠን ይላል፤ ለእኔስ ከልክ በላይ ፈጠነብኝ። አጋታ ኃይሏን ለማስመለስ የጠንቋዮች መንገድ የሚባለውን መሄድ አለባት፣ ለዚያም ጓደኞች ያስፈልጓታል። ጓደኛ ግን የላትም። ስለዚህ አንድ ጎረምሳ አስከትላ እየዞረች ትሰበስባለች። የሰው ዕድል እያነበበች የምትተዳደር የሲሲሊ አሮጊት ጠንቋይ አለች፣ ፓቲ ሉፖን ናት የምትጫወታት፤ ብሮድዌይ ላይ የነገሠች ዘፋኝ መሆኗን ታውቂያለሽ። የቆዳ ቅባት የምትሸጥ መድኃኒት ቀማሚ አለች። ፖሊስ የነበረች፣ አሁን የገበያ ማዕከል ጥበቃ የሆነች አለች፣ እናቷ የሮክ ዘፋኝ የነበረች። አምስተኛ ሲጠፋ ጎረቤቷን ሚስስ ሃርትን ለአትክልተኝነቷ ሲሉ ይዘዋት ይሄዳሉ። ምድር ቤት ክብ ሠርተው ይዘምራሉ፣ በሩም ይከፈታል። መዝሙሩን የጻፉት የየካቲት 12ቱን ዘፈን የጻፉት ባልና ሚስት ናቸው። ሲዘምሩ ቤቱ በሙሉ ጸጥ አለ፤ እስከ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

መዝሙሩ ሲያልቅ አክስቴ የተናገሩትን ሳልጽፍ ብቀር ይቆጨኛል። ቅድስት፣ «እማዬ፣ ጠንቋይ ጀግና ሲሆን እንዴት አየሽው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ይገሥጿታል ብዬ ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን ስለ ልጅነታቸው ተናገሩ። ጎንደር ዙሪያ ባደጉበት መንደር ሸክላ ሠሪ ጎረቤት ነበረቻቸው። ልጅ ሲታመም ስሟ ይጠራል፤ ቡዳ ናት፣ ማታ ጅብ ትሆናለች ይባላል። «ገንቦዋን ገዝተን ውኃ እንጠጣበት ነበር። እርሷን ግን ቀና ብለን አናያትም ነበር። አንድ ቀን ከነቤተሰቧ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደች አሉ። ደኅና ሁኚ ያላት ሰው የለም» አሉና ቡናቸውን አነሡ።

እኛ «ጠንቋይ» ብለን የምንተረጉመው ቃል ለዚህ ሁሉ አይበቃም። አጋታ የመጣችበት፣ የማሳቹሴትሷ የሴለም ታሪክም ከአስማቱ በታች ይኸው የጎረቤት ሐሜት ነው። በ1692 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጀመሪያ በጠንቋይነት የተከሰሱት ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ባሪያ፣ አንዷ ለማኝ፣ አንዷ በንብረት ክርክር ስሟ የጠፋ። ነገሩ ሲያበቃ አሥራ ዘጠኝ ሰው ተሰቅሎ ነበር፤ አንድ ሽማግሌም ድንጋይ ተጭኖበት ሞተ። ተፈርዶባት ስሟ ሳይነጻ የቀረችው የመጨረሻዋ ሴት ኤልዛቤት ጆንሰን ነጻ የተባለችው በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ ከተፈረደባት ከ329 ዓመት በኋላ፣ እርሱም የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለሕግ አውጪዎቹ ስለጮኹላት። አክስቴ ይህን ስነግራቸው፣ «ልጆቹ ይባረኩ» አሉ።

ወደ ተመልካቹ ልመለስ። ከረቡዕ ወዲህ የሰው ሁሉ ጥያቄ አንድ ነው፤ ጎረምሳው ማን ነው? ስም የለውም፤ «ጎረምሳው» ብቻ ነው የሚሉት። ቅድስት የዋንዳ ልጅ ቢሊ ነው ብላ ምላለች። ባልደረባዬ ደግሞ የራሷ የአጋታ ልጅ ነው ባይ ናት፤ በመጀመሪያው ክፍል አጋታ አንድ ባዶ የልጅ ክፍል ውስጥ ስትገባ ዓይኗን ስላየች ነው። ስለ ሪዮም ክርክር አለ፤ ኦብሪ ፕላዛ የምትጫወታት፣ ቢላ ይዛ መጥታ ከአጋታ ጋር የተናነቀችው። ጠላቷ ናት የሚሉ አሉ፤ የጥንት ፍቅረኛዋ ናት የሚሉም አሉ። ሁለቱም ያስኬዳል። እንዲያ የሚተያይ ሰው ታሪክ ሳይኖረው አይቀርም።

ልጁ ግን ስሙን ለመናገር ይሞክራል። ስሙን፣ የመጣበትን ቦታ ሊል አፉን ሲከፍት ድምፁ ይጠፋል፣ አፉም የተሰፋ ይመስላል። አንድ ሰው ድግምት አድርጎበታል። ቅድስትና ባልደረባዬ ማን አደረገበት እያሉ ሲከራከሩ እኔ ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁ።

እናትሽ እማማ አስካለ ያረፉ ጊዜ፣ በኅዳር 2014፣ መልእክትሽ የደረሰኝ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ማታ እደውላለሁ አልኩ። ማታ ሲሆን ምን ብዬ እጀምራለሁ ብዬ ለነገ አሳደርኩት። ሳምንት ሆነ። አርባቸው ደረሰ፣ አልደወልኩም፤ ከዚያ በኋላ የዘገየሁበት ሐፍረት ከሐዘኑ በላይ ሆነብኝ። ሙት ዓመታቸው ሲሆን ደብዳቤ ጀመርኩ፣ ስማቸው ላይ ስደርስ አቆምኩ። የሰው ልጅ ለቅሶ የደረሰለትን ዘመድ አይረሳም፤ ያልደረሰለትንም አይረሳም። ልጅ ሆነሽ ብቻሽን ስትቀብሪያቸው እኔ አልነበርኩም። ለዚያ ምክንያት የለኝም፣ አላቀርብልሽምም። አጠፋሁ፣ ይቅር በይኝ።

እማማ አስካለ፣ እማማ አስካለ፣ እማማ አስካለ። ይኸው ጻፍኩት። በየእሑዱ ስትደውይላቸው ስልኩን ቀምተው፣ «እስቲ ያቺን ልጅ አገናኚኝ» ይሉኝ ነበር። በርበሬ ሲልኩ የእኔን ለብቻ ቋጥረው ነበር የሚልኩት፣ በላዩ ላይ ስሜን በእጃቸው ጽፈው። የመጨረሻዋን ከረጢት አልጣልኳትም። በርበሬው ካለቀ ቆይቷል፤ ጽሑፋቸው ግን አለ።

እንዴት እንዳረፉ አልነገርሽኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። አሁን እጠይቅሻለሁ። በመጨረሻ ምን አሉ? የት ተቀበሩ? ማን አጠገብሽ ነበረ? ልትነግሪኝ ካልፈለግሽም መብትሽ ነው፤ ቁጣሽንም ቢሆን ጻፊልኝ።

ሦስተኛው ክፍል የሚወጣው ከነገ ወዲያ ረቡዕ ነው፣ ለእኔ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ለአንቺ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት። ለጸሎት በዚያ ሰዓት ትነሺ እንደነበር አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት ስልኬን ከቴሌቪዥኑ ርቄ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በእጄ ይዤ እጠብቃለሁ።

ያንቺው እህት
ሰላማዊት