ጀምበሯን ከፎቅ ጀርባ አትደብቁብን፤ ለወንዝ ዳር ከተሞች ከንቲባዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ወንዝ ለሚያቋርጣት ከተማ ሁሉ ከንቲባና የፕላን ቢሮ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ጀምበር ስትጠልቅ የሚታይባቸውን ቦታዎች ስለማስጠበቅ

ክቡር ከንቲባ፣

ሰላምታዬን አስቀድሜ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ከተማዎ ወንዝ አላት። ወንዝ ማለት መሃል ከተማ ላይ ፎቅ ያልበቀለበት ሰፊ ቦታ ማለት ነው። ውሃው ላይ ማንም ቤት አይሠራም (ፈቃድ የጠየቀ ካለ እርስዎ ያውቃሉ)። ስለዚህ ሰማይ ከነስፋቱ የሚታየው እዚያ ነው። ሰው ከሥራ ሲወጣ እግሩ ወደ ወንዙ የሚመራውም ለዚህ ይመስለኛል።

የቱሪዝም ቢሮዎች ይህን ስለሚያውቁ ብሮሸር ያሳትማሉ። «ጀምበር ስትጠልቅ የሚታይባቸው ምርጥ ቦታዎች» ይላል ርዕሱ። ድልድዩ አለ፣ ኮረብታው አለ፣ የወንዝ ዳር መናፈሻው አለ። ችግሩ ብሮሸር የሚያሳትመው ቢሮና የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ አይነጋገሩም። አንዱ «ኑና እዩ» ይላል። ሌላው ልክ ከማዶ፣ በምዕራብ በኩል፣ ዐሥር ፎቅ ይፈቅዳል። ሦስተኛው ደግሞ ሰማዩ መቅላት ሲጀምር የመናፈሻውን በር ይቆልፋል። ምርጥ ቦታ የሚባለው ነገር እርስዎ ዘንድ በሚፈረም ወረቀት ይኖራል፣ በሚፈረም ወረቀት ይጠፋል። ደብዳቤውን ለቱሪዝም ቢሮ ያልጻፍኩትም ስለዚህ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ካርታ ያስዘርጉ። ወንዙ በሰሜንና በደቡብ መካከል የሚፈስ ከሆነ ጥሩው ቦታ ምሥራቁ ዳርቻ ነው። እዚያ የቆመ ሰው ውሃውን አሻግሮ ወደ ምዕራብ ያያል። ሉክሶርን ይውሰዱ። ከተማዋ ያለችው ከናይል በስተምሥራቅ ነው። ጀምበር የምትገባው ከማዶ፣ የነገሥታት ሸለቆ ካለበት ተራራ ጀርባ ነው። የጥንት ግብፆች ነገሥታቶቻቸውን በዚያ በኩል የቀበሩት ምዕራቡን የሙታን አገር አድርገው ስላዩት ነው። ቡዳፔስትም እንዲሁ ናት። ዳኑብ ከሰሜን ወደ ደቡብ ለሁለት ይከፍላታል። ሜዳማው ፔሽት በምሥራቅ፣ ኮረብታማው ቡዳ በምዕራብ ነው። ማታ ማታ ፔሽት ዳር የተቀመጠ ሰው ቤተ መንግሥቱን ከነኮረብታው ጥላ ሆኖ ያየዋል።

የሕንዷ ቫራናሲ ደግሞ ተቃራኒዋ ናት። ጋንጅስ ዳር ያሉት ታዋቂ ደረጃዎቿ የተሠሩት ምዕራቡ ዳርቻ ላይ ነው፤ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ ሰው የሚሰበሰበው ንጋት ላይ ነው። እነዚያ ደረጃዎች ላይ የጀምበር መጥለቂያ መመልከቻ የሚሠራ ሰው ካለ ጎብኚዎቹን ጀርባቸውን ለወንዙ አስጥቶ ሊያስቀምጣቸው ነው። የሚያስቅ ይመስላል እንጂ፣ አግዳሚ ወንበሮቹን ፊታቸውን ወደ መኪና መንገድ አዙሮ የተከለ ማዘጋጃ ቤት ብዙ ነው።

ወንዙ በምሥራቅና በምዕራብ መካከል የሚፈስ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ምርጡ ቦታ ድልድዩ ነው። ጀምበር በወንዙ አቅጣጫ ስለምትገባ ነጸብራቋ በውሃው ርዝመት ሙሉ ይዘረጋል። የፖርቱጋሏን ፖርቶ ያየ ሰው ይህን አይረሳውም። ዶውሮ ወንዝ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አትላንቲክ ይፈስሳል። ዶም ሉዊስ ቀዳማዊ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1886 የተሠራ ባለ ሁለት ደርብ የብረት ድልድይ ነው። የላይኛው ደርብ ዛሬ የከተማ ባቡርና የእግረኛ ብቻ ነው። በደቡብ ጫፉ ጃርዲም ዶ ሞሮ የሚባል ተዳፋት መናፈሻ አለ። ሰው ሣሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ በቃ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ፓሪስ ውስጥ ደግሞ ሲቴ ደሴት ወደ ምዕራብ ሾል ብላ የምታልቅበት ቦታ ላይ ስኩዌር ዱ ቬር ጋላን የምትባል ትንሽ መናፈሻ አለች። ወደ ውሃው ዝቅ ያለች ናት። ሴን ከሁለት ወገን መጥቶ ፊቷ ላይ ይገጥማል።

ድልድይ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። በሰሜንና በደቡብ መካከል የሚፈስ ወንዝ ላይ ያለ ድልድይ ራሱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው የሚሄደው። እዚያ ላይ ቆመው ወደ ጀምበር ቢያዩ የሚያዩት የመኪና ሰልፍ ነው። ያም ሆኖ ተስፋ አይቁረጡ። ወንዝ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይጠመዘዛል። ከተማዎ ውስጥ ወንዙ ወደ ምዕራብ የሚታጠፍበት አንድ ቦታ አይጠፋም። እሱን ያስፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ መጋዘን ወይም የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ያገኙታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጀምበር ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አትጠልቅም። ትክክለኛው ምዕራብ ላይ የምትገባው በመጋቢትና በመስከረም ነው። በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ትሸሻለች። ምድር ወገብ አካባቢ ሽሽቷ በየወገኑ 23 ዲግሪ ያህል ነው። ለንደን ላይ 40 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ባለሙያዎ በመስከረም አንድ ቀን ሄዶ «እዚህ ጋ ትገባለች» ብሎ ምልክት ካደረገ፣ በታኅሣሥ ሕዝቡ ግድግዳ ነው የሚያየው። የሁለቱን ጫፍ አንግል ካርታው ላይ ያስምሩ። ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሜቴ ልምጣ፤ ወደ ማዶው ሕንፃ።

ጀምበር በሰማይ ላይ አንድ ዲግሪ ለመሄድ አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። ወንዝዎ 300 ሜትር ይሰፋል እንበል። ማዶ፣ ውሃው ጠርዝ ላይ፣ 30 ሜትር ቁመት ያላቸው ሕንፃዎች ተደረደሩ። ዐሥር ፎቅ ገደማ ማለት ነው፤ ማንም «ሰማይ ጠቀስ» ብሎ የማይጠራቸው። ከወዲህ ዳርቻ ለቆመ ሰው ግን ወደ ስድስት ዲግሪ የሚጠጋ ሰማይ ይሸፍናሉ። ጀምበር ቀጥ ብላ በምትወርድበት በምድር ወገብ አካባቢ ይህ 23 ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ራቅ ባሉ ከተሞች እያጋደለች ስለምትወርድ ኪሳራው ይበልጣል። ሕንፃዎቹ 60 ሜትር ከሆኑ 45 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል።

የሚሄደው ደግሞ የትኛው ደቂቃ መሰልዎ? ጀምበር ዝቅ ስትል ብርሃኗ እኛ ጋ የሚደርሰው ብዙ አየር አቋርጦ ነው። ሰማያዊው መንገድ ላይ ይበተንና ቀዩና ብርቱካናማው ይቀራል። ይህ የሚሆነው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ዲግሪዎች ነው። ሕንፃው የሚወስደው ልክ እሷኑ ሰዓት ነው። ለነዋሪው የሚተርፈው ዓይን የሚወጋው ነጭ ብርሃን ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም ፈልጎት ወንዝ ዳር አይወርድም።

እነዚያኑ ባለ 30 ሜትር ሕንፃዎች ከጠርዙ 300 ሜትር ወደ ውስጥ ቢያስገቧቸው ግን የሚሸፍኑት 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ይሆናል። ባለሀብቱ ፎቁን አላጣም። ከተማዋም ግብሯን አላጣችም። አይገንባ የሚል ሰው አይደለሁም። ዝቅተኛው ከፊት፣ ረጅሙ ከኋላ ይሁን ነው የምለው።

«ለእይታ ሲባል ሕግ ይወጣል እንዴ?» የሚል አማካሪ አጠገብዎ አይጠፋም። ይወጣል። በደቡብ ምዕራብ ለንደን፣ ቴምስ ወንዝ ዳር፣ ሪችመንድ ሂል የሚባል ኮረብታ አለ። ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ያለው እይታ የታወቀ ነው፤ ወንዙ ከዛፎቹ መሃል ሲጠመዘዝ ይታያል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ከማዶ ያለው የማርብል ሂል ይዞታ ለቤት ግንባታ ሊሸነሸን ነበር። ነዋሪው ተነሳ። መሬቱ ለሕዝብ ተገዛ። እ.ኤ.አ. በ1902 ፓርላማው እይታውን የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። ያ ሕግ እስከ ዛሬ አለ። ከመቶ ዓመት በላይ በዓለም ውድ ከሚባሉት የከተማ መሬቶች አንዱ አጠገብ ቆሞ ማለት ነው። እዚያ የሠራ ሕግ እርስዎ ጋ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ጎዳናም ጥቂት። ኒው ዮርክ ውስጥ ማንሃተን ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦት መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ፣ ጀምበር በትክክል በአግድሞሽ መንገዶቹ አቅጣጫ ትገባለች። ሰው መሃል አስፋልት ላይ ወጥቶ ፎቶ ሲያነሳ ትራፊኩ ይቆማል። መንገዶቹ እስከ ወንዙ ድረስ ክፍት ባይሆኑ ኖሮ ይህ አይታይም ነበር። እርስዎ ጋ ወደ ወንዙ የሚወርዱ መንገዶች መጨረሻቸው ላይ ምን አለ? ቢልቦርድ ከሆነ ያስነሱት። አጥር ከሆነ የማን እንደሆነ ይጠይቁ።

ወደ በሩ ልመለስ። የወንዝ ዳር መናፈሻ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት የሚዘጋበት ከተማ ብዙ ነው። ጀምበር ግን እንደዚያ አትሠራም። ለንደን ላይ በሰኔ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ገደማ ነው። በታኅሣሥ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች። ስለዚህ ቴምስን ከላይ የሚያየው የግሪኒች ፓርክ የመዝጊያ ሰዓት እንደ ወቅቱ ይቀያየራል። ከምድር ወገብ የማይርቁ ከተሞች ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ እንዲያውም ይቀልላቸዋል። አንድ ጊዜ በትክክል ማውጣት ብቻ ነው።

በትክክል ስል ደግሞ ጀምበሯ በጠለቀችበት ደቂቃ ማለቴ አይደለም። ደመናው ከታች የሚበራውና ሰማዩ የሚቀላው ብዙ ጊዜ ከገባች በኋላ ነው። ያለ መብራት የሚታይበት ብርሃን እስኪያልቅ ምድር ወገብ አካባቢ 20 ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል፤ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ በራቁ ቁጥር ይረዝማል። በዚህች ሰዓት ነው የጥበቃው ፊሽካ የሚነፋው። ጥበቃው ምን ያድርግ፣ የተሰጠው ሰዓት ነው። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ አንድ ሰዓት ይጨምሩለት። መውጫው መንገድ ላይ ወደ መሬት የሚያበራ ዝቅ ያለ መብራት ያስተክሉ፤ ሴቶችም ልጅ የያዙም ሳይሰጉ እንዲወጡ። ስታዲየም የሚመስለውን ነጭ ፓውዛ ግን አደራዎን፤ እሱ ከበራ ሰማዩ ጠፋ ማለት ነው።

ሰገነት ላይ ስላሉት ሆቴሎችና ሬስቶራንቶች ብዙ አልልም። ይኑሩ፣ ይሥሩ። ግን ጀምበር የምትታየው ከእነሱ ጋ ብቻ ከሆነ ከተማዋ ሰማዩን አከራይታለች። ከውሃው ዳር ሕዝብ በነፃ የሚቆምበት ቦታ ሳይወሰን የሰገነት ፈቃድ ባይሰጥ ደስ ይለኛል።

የምጠይቅዎ ሁለት ነገር ነው። ከአሁን በኋላ ከወንዙ በምዕራብ በኩል ለሚሠራ ሕንፃ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት፣ ከምሥራቁ ዳርቻ ስንት ደቂቃ ብርሃን እንደሚወስድ ተሰልቶ ለሕዝብ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ የመናፈሻዎቹ የመዝጊያ ሰዓት ከጀምበር ጋር ይታሰር። የመጀመሪያው አንድ መሐንዲስና አንድ ካልኩሌተር ይፈልጋል። ሁለተኛው በር ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ብቻ ነው፤ ከፈለጉ በሚቀጥለው ሳምንት ሊጀምሩት ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የወንዝ ዳር ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለግንባታ ፈቃድ ክፍል
ለመናፈሻዎች አስተዳደር
ለቱሪዝም ቢሮ (ብሮሸሩን እንደገና ከማሳተማችሁ በፊት ሁለቱን ቢሮዎች ብታናግሩ)