ስለዚያ የማይቀዘቅዝ ጋዝ

ይድረስ ለአባዬ፤ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በስልክ «ያ በጋላክሲዎች መካከል ያለው ጋዝ እስከ ዛሬ እንዴት አልቀዘቀዘም?» ላሉኝ መልሱ ረዘም ስለሚል ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

ፐርሲየስ የሚባለው የጋላክሲዎች ክምችት 240 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። በጋላክሲዎቹ መካከል የተንሰራፋው ጋዝ መሃሉ ላይ 35 ሚሊዮን፣ ወጣ ሲል 70 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ስስ ነው ታዲያ፤ እምብርቱ ላይ እንኳ አንድ ሊትር ቢቀዱ 50 ገደማ ኤሌክትሮን ቢያገኙ ነው።

ሙቀቱን የሚያጣው ኤክስሬይ እየረጨ ነው። ጥግግቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ አራት እጥፍ ስለሚሆን ቀድሞ መቀዝቀዝ ያለበት መሃሉ ነው። በስሌቱ መሠረት በየዓመቱ መቶዎች ፀሐይ የሚያህል ጋዝ መቀዝቀዝ ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የመጠቀው ኤክስኤምኤም ኒውተን የተባለ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ግን በእንዲህ ያሉ ክምችቶች የቀዝቃዛ ጋዝ ምልክት የሆኑትን የብረት መስመሮች (በጋዙ ውስጥ ያለው ብረት በተወሰነ ጉልበት የሚረጨውን ኤክስሬይ) ሲፈልግ ከተጠበቀው እጅግ ደካማ ሆነው አገኛቸው።

እሳቱን የሚቆሰቁሰው መሃል ባለው ጋላክሲ፣ በኤንጂሲ 1275 ውስጥ የተቀመጠው ጥቁር ጉድጓድ ነው ብለን እናምናለን። የሚተፋው ጅረት ጋዙን እየገፋ አረፋ ይነፋል፤ አረፋውም ገንፎ ሲንተከተክ እንደሚያደርገው ወደ ላይ ይወጣል። ቻንድራ በሚባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ምስል ላይ ጥቁር ቀዳዳ መስሎ ይታያል።

ሥራው ያለው ልኬቱ ላይ ነው። መጀመሪያ ከጠፈር የሚመጣ የቅንጣት ማዕበል ቴሌስኮፑን የመታበትን ሰዓት ከመረጃው እንጥላለን፤ በጥቁር ጉድጓዱ ዙሪያ የሚያበራውን ነጥብና ሌሎች ደማቅ ነጥቦችን ቆርጠን እናወጣለን፤ ከዚያ ምስሉን በቀለበት በቀለበት ከፍለን የየቀለበቱን ሙቀት እንለካለን። ችግሩ መሃሉን የምናየው ከፊቱና ከኋላው ባለው ትኩስ ጋዝ ውስጥ አሳልፈን መሆኑ ነው። ያንን እንደ ሽንኩርት ከውጭ ወደ ውስጥ እየላጥን ካልቀነስን መሃሉ ከእውነቱ በላይ ሞቆ ይታያል፤ ስንልጥ ደግሞ የውጭው ስህተት ወደ ውስጥ እየተጠራቀመ ይገባል። በዚያ ላይ የቻንድራ ካሜራ ማጣሪያ በዓመታት ብዛት ቆሻሻ ጋግሮበት ደካማውን ኤክስሬይ ይውጣል። ቆሻሻው የዋጠውን በሚያካክስ፣ ግን ባረጀ የማስተካከያ ፋይል የሠራ ሰው «ቀዝቃዛ ጋዝ የለም» ብሎ ሊፈርድ ይችላል፤ የለም ያለው ግን ቆሻሻው የጋረደውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 የመጠቀው የጃፓኑ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ክሪዝም ከዚህ ሁሉ ይገላግለን ነበር። ዳሳሹ ከፍጹም ዜሮ 0.05 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ አንዲት የኤክስሬይ ቅንጣት ስታርፍበት የምታሞቀውን ያህል ይለካል። ሆኖም የፊቱ መዝጊያ አልከፈት ብሎ ቀረ፤ ደጋግመው ሞከሩት። በመዝጊያው መስኮት የሚያልፈው ብርቱው ኤክስሬይ ነው፤ የቀዝቃዛው ጋዝ የብረት መስመሮች እዚያው ከመዝጊያው ማዶ ቀርተዋል።

ልጅዎ