ለገብርኤል የተሳልሽው ስለት

ውድ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እህቴ ባሕር ውስጥ እንደምጠልቅ ከነገረችሽ ወዲህ እንቅልፍ አጥተሻል አሉ። “ምን ጎድሎት ነው?” ማለትሽንም ሰምቻለሁ። ምንም አልጎደለኝም እማዬ፣ ደስ ስለሚለኝ ነው።

የምገባው ካሊፎርኒያ፣ ከሞንተሬይ በስተደቡብ ፖይንት ሎቦስ የሚባል ቦታ ነው። በፈረንጆቹ ከ1960 ጀምሮ ባሕሩም ጭምር ጥብቅ ስለሆነ ቀድመን ተመዝግበን ነው የምንገባው። ብቻዬን አልጠልቅም፣ ከ18 ሜትር በታችም አልወርድም፤ ፈቃዴ እስከዚያ ነው። የምሸከመው ሲሊንደርም የያዘው ይህንኑ የምንተነፍሰውን አየር ነው እንጂ የሆስፒታል ኦክስጅን አይደለም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የሚያሰጋው መውጣቱ ነው። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ እጥፍ ስለሚሆን ከአየሩ ናይትሮጅን ወደ ደም ይገባል። ቸኩሎ የወጣ ሰው ደሙ ድንገት እንደተከፈተ አምቦ ውሃ አረፋ ያወጣል። ስለዚህ ትንፋሽ ሳንይዝ ቀስ እያልን እንወጣለን፣ 5 ሜትር ላይም 3 ደቂቃ እንቆያለን። እኔ ደግሞ መቼ ቸኩዬ አውቃለሁ!

ውሃው ብርድ ነው፤ ወፍራም የላስቲክ ልብስ ለብሼም ያንቀጠቅጠኛል። ግን ድንጋዩን ብታዪው! እጅ የሚያሳርፍ ባዶ ቦታ የለውም። ሮዝ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ፤ አበባ ነው ስትዪ አብዛኛው እንስሳ ነው። ኬልፕ የሚሉት የባሕር አልጌ ከወለሉ ተነስቶ እስከ ውሃው ፊት ይደርሳል፤ ሲመቸው በቀን ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። ሊንግኮድ የሚባል ዓሣም አለ። እናቲቱ እንቁላሏን ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች፤ እስኪፈለፈል የሚጠብቀው፣ ማንንም የማያስጠጋው አባትየው ነው። ይህንን ለአባዬ ሳትነግሪው እንዳትቀሪ።

የሚያሳዝንም አለ። በፈረንጆቹ 2013 የተነሳ በሽታ የባሕር ኮከብ የሚባሉትን እንስሳት ፈጃቸው፤ እስከ 24 እጆች የሚያበቅለው ትልቁማ ከካሊፎርኒያ ጠፋ ማለት ይቻላል። እሱ ይበላው የነበረው እሾሃም የባሕር ጃርት ተራብቶ ብዙ ቦታ ኬልፑን ግጦ ጨረሰው። ኬልፕ በቀረበት አካባቢ ኦተር የሚባለው የባሕር እንስሳ ጃርቱን እየበላ ይታደገዋል። ሆዳም ነው፣ እኔ ግን እወደዋለሁ።

ለገብርኤል ጥላ ተሳልሽ አሉ። ገንዘቡን ለታኅሣሥ እልክልሻለሁ። ግን “ይተወው” ብለሽ ከሆነ የተሳልሽው፣ እባክሽ “በሰላም ይውጣ” ብለሽ አስተካክይው።

ልጅሽ