በእባቡ ፎቶ ለተጨነቀው ልጄ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴም ዝናቡ ካባራ ወዲህ ተሽሎታል።

ያነሳሁትን የእባብ ፎቶ አይተህ በቴሌግራም የላክኸውን ድምፅ ሰማሁት። «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ እባብ ማሳደድ ጀመርሽ?» ነው ያልከው። እህትህም በማግስቱ ያንኑ ደገመችልኝ፤ ተማክራችኋል ማለት ነው። ደውዬ እንዳልመልስልህ አንድም መስመሩ ይቆራረጣል፣ አንድም አንተ አታስጨርሰኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

መጀመሪያ ስለ እባቡ። ያ ያስደነገጠህ እባብ ከእርሳስ ብዙም አይወፍርም። መርዝ የለውም። ምግቡ ቀንድ አውጣ ነው፤ በተለይ ያ ዛጎል የሌለው፣ ጎመኔን በክረምት የሚጨርስብኝ። ሲፈራ አይናደፍም። ጭንቅላቱን መሃል ደብቆ ጥቅልል ይላል፣ በቃ። እንቁላል እንኳ አይጥልም፤ ይወልዳል። ጎረቤታችን አካፋ ይዘው ሲመጡ «ተዉት፣ የጓሮዬ ዘበኛ ነው፤ ደመወዝም አልከፍለውም» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታቸው ትንሽ ራቅ ብሏል። ይመለሳሉ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ፎቶውን ካነሳሁ በኋላ ነው። ስም የማላውቀውን እባብ ሁሉ መርዘኛ ነው ብዬ ነው የምቆጥረው። ከሩቅ ቆሜ ነው ያነሳሁት። ቅርብ ያስመሰለው የካሜራው ሌንስ ነው። ያንን ካሜራ ደግሞ ማን ላከው? አንተ። ለእህትህ ሰርግ ብለህ። ሰርጉ አለፈ፣ ካሜራው ቀረ። እኔም ጡረታ ወጣሁ። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ሶፋውን ፎቶ ላንሳ?

አሁን የምትፈራውን ነገር እንነጋገር። ቦቲ ጫማ ሳላደርግ ሳር ውስጥ አልገባም። ዱላ ይዣለሁ፤ ለመምታት ሳይሆን ሳሩን ቀድሞ እንዲነካልኝ። እጄን ዓይኔ የማያየው ቦታ አልሰድም። ድንጋይ ካነሳሁ ወደ ራሴ አዘንብዬ ነው፣ ከሥሩ ያለው ነገር በወዲያ በኩል እንዲወጣ። ከዚያ ድንጋዩን እንደነበረ እመልሰዋለሁ፤ የአንዱ ቤት ጣሪያ ነውና። እባብ በእጄ አልይዝም። የሚይዙ ሰዎች በዩቲዩብ አሉ፣ አያቸዋለሁ፣ አላደንቃቸውም። ብቻዬንም አልሄድም፤ ልጆች ይከተሉኛል፣ እነሱ ከሌሉ ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ትኖራለች።

እፉኝት እኛ ዘንድ ብርዱ አይመቸውም፤ ወደ ሞቃቱ ስትወርድ ነው የሚበዛው። እፉኝት ክፉ የሆነው ስለሚያሳድድ አይደለም። ስለማይሸሽ ነው። ከአፈሩና ከቅጠሉ ጋር ተመሳስሎ ዝም ብሎ ይተኛል፣ ሰው ይረግጠዋል። እንበልና አንድ ሰው ተነደፈ። መቁረጥ የለም፣ መምጠጥ የለም፣ በገመድ ጥርቅም አድርጎ ማሰር የለም። የተነደፈውን እግር ሳያንቀሳቅሱ፣ ቀለበትና ጫማ አውልቀው፣ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ነው። ፀረ መርዙ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ነገር ስላልሆነ ጊዜ በባህላዊ ሐኪም ቤት ማባከን አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንክሻን ችላ ከተባሉ የሐሩር አገር በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ዘግይቷል ባይ ነኝ፤ ገበሬው ግን ከድሮም ያውቀዋል። ይኸው፣ እናትህ ሳታስብበት የወጣች መስሎህ ነበር።

እንዲያውም አብዛኛው ሥራዬ እባብ አይደለም። እስስት ነው። እዚሁ አጥራችን ላይ! አንተ ልጅ ሆነህ ኳስህ የሚገባበት ያ ቁጥቋጦ የስንት እስስት ቤት እንደሆነ ብታውቅ። ቀን ላይ አጠገቧ ቆመህም አታያትም። ማታ ነው የሚቀለው። ስትተኛ ቀለሟ ይነጣል፣ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ወጥታ ታንቀላፋለች። የእጅ ባትሪ ስታበራባት ከቅጠሉ መሃል ነጭ ሆና ትወጣልሃለች። ታዲያ ቶሎ አይቼ መብራቱን አጠፋለሁ፤ እንቅልፍ ነው። ፎቶውን በነጋታው ጠዋት፣ እዚያው አካባቢ ፀሐይ ልትሞቅ ስትወጣ አነሳታለሁ። ማታ ከግቢ ርቄ አልሄድም። ጅቡ እንደሆነ ዛሬም ከእንጦጦ በኩል ይወርዳል።

ሰው ቃሉን ሲያጥፍ «እስስት» ይባላል። ለእስስቷ ስድብ ነው። ቀለሟን የምትቀይረው የቆመችበትን ለመምሰል ብቻ አይደለም። ሲበርዳት ትጠቁራለች፣ ሙቀት እንድትስብ። ስትቆጣ፣ ስትፈራ፣ ወንድ ሲመጣባት፣ ሁሉንም በቆዳዋ ነው የምትናገረው። በ2015 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማዳጋስካሯን እስስት መርምረው፣ ቆዳዋ ውስጥ ጥቃቅን ክሪስታሎች እንዳሉና በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲሰፋና ሲጠብ የሚመለሰው ብርሃን ቀለሙን እንደሚቀይር አሳይተዋል። ማለት ስሜቷን የማትደብቅ ፍጥረት ናት። ከብዙ ሰው ትሻላለች።

የእኛዋ የደጋዋ እስስት ሌላም ነገር አላት። እንቁላል ቀብራ አትሄድም፤ ትወልዳለች። ምክንያቱ ብርዱ ነው። እዚህ ሱሉልታ ላይ አፈር ውስጥ የተቀበረ እንቁላል መቼ ይሞቃል? እሷ ግን ልጆቿን በሆዷ ይዛ ፀሐይ ወዳለበት ትወጣለች፣ ስትሞቅ ይሞቃሉ። አንተን ሳረግዝ በዚህ ብርድ በረንዳው ላይ ቁጭ የምለው ለዚሁ ነበር፣ ማን ነገረኝ?

ክረምት ደግሞ የእንቁራሪት ነው። ሜዳው ውሃ ሲሞላ ማታ የሚሰማውን ጩኸት ታስታውሳለህ። አንድ ዓይነት ይመስለን ነበር። አይደለም። አንዱ ይንጫጫል፣ አንዱ ጥርስ እንደማፋጨት ያደርገዋል፣ አንዱ ከመሬት ሥር ነው የሚጠራው። ይህ የመጨረሻው፣ የዛፍ እንቁራሪት ወገን ሆኖ ዛፍ ላይ የማይወጣ ነው። ደጋው ሜዳ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ይኖራል፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የለም። ድምፁን እየተከተልክ ትሄድና ልክ እግርህ ሥር ሲደርስ ዝም ይላል። ትቆማለህ። ትጠብቃለህ። ወገብህ ይንቀጠቀጣል። ከኋላህ ይጀምራል። እኔ ሳቅ በሳቅ ሆኜ ነው የምመለሰው። አገራችን ካሏት የእንቁራሪት ዓይነቶች ከመቶ አርባ የሚሆኑት ሌላ አገር የሉም። በመልክ አንድ የሚመስሉትን ባለሙያዎች በድምፃቸውና በዘረመላቸው እየለዩ አዳዲስ ስም እየሰጧቸው ነው። ስለዚህ ከፎቶው ጋር ድምፁንም በስልኬ እቀዳለሁ።

እንቁራሪት በእጅ አይነካም። እሱን ፈርቼ አይደለም፣ ለሱ ፈርቼ ነው። በቆዳው ይጠጣል፣ በከፊልም ይተነፍሳል። እጄ ላይ ያለው ቅባትና ሳሙና ይገባበታል። ደግሞ በዓለም ዙሪያ ብዙ እንቁራሪት የፈጀ የቆዳ ፈንገስ አለ። በጭቃ ከኩሬ ኩሬ ይዛመታል። እና ቦቲዬን ታጥቤ ሳላደርቅ ሌላ ውሃ ዘንድ አልሄድም። እህትህ «እማዬ ቦቲ ታጥባለች» ብላ የሳቀችው ይህንን ነው።

ወፎቹን ስለምትወዳቸው ብዙ አልጽፍም፣ ፎቶውንም ልኬልሃለሁ። ያ ጠዋት ጠዋት በጩኸቱ የሚቀሰቅሰን ጋጋኖ፣ አፉ ወደ ታች የታጠፈው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የለም። ቁራው፣ ምንቃሩ ወፍራም የሆነውና ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ በዓለም ካሉት ቁራዎች ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ዓለም ዞሮ የሚመጣ ቱሪስት በዶላር የሚያየውን ወፍ እኛ ከቆሻሻ ገንዳ ላይ እናባርራለን። ሜዳው ላይ አንዲት ደግሞ አለች። ጉሮሮዋ ቢጫ ነው፣ ከሥሩ ጥቁር ማተብ ያሰረች ትመስላለች። እሷም የኛ ብቻ ናት። ክንፉ ሰማያዊ የሆነውን ዝይ ገፈርሳ ግድብ ዘንድ፣ በአምቦ መንገድ፣ ሄጄ ነው ያየሁት። ቆሞ ሲታይ ዝም ብሎ ግራጫ ነው። ሰማያዊው ሲነሣ ነው የሚወጣው።

የመስቀል ወፍ ደግሞ። በዓመት አንዴ ብቅ የሚልን ዘመድ በሱ እንሰድበው የለ? የትም አይሄድም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው። ወንዱ በዝናብ ጊዜ ለመራባት ብሎ ቀይና ጥቁሩን ወይም ቢጫና ጥቁሩን ይለብሳል። ሲያበቃ ያወልቀውና እንደ ሴቷ ቡናማ ሆኖ ከድንቢጡ ጋር ይቀላቀላል። ኅዳር ላይ አጥራችን ላይ ቁጭ ብሎ አይተነው የማናውቀው እሱ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሳውቅ ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ ልነግርህ አልችልም።

ስለ ፎቶ ማንሳቱ ያወቅሁት ጥቂት ነው። ብርሃኑ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደጋው ላይ ፀሐዩ ቀለሙን ያነጣዋል። ፀሐይዋ ከጀርባህ ትሁን። ዓይኑ ጥርት ካለ ሌላው ይቅር ይባላል። ለሚበር ወፍ ፍጥነቱን ከሰከንድ አንድ ሺህኛ በላይ አደርገዋለሁ። ዋናው ግን ዝቅ ማለት ነው። ከላይ ወደ ታች ያነሳኸው እንቁራሪት ጭቃ ነው የሚመስለው። ከዓይኑ ትክክል ሆነህ ስታነሳው ግን ጎረቤት ይሆናል። ስለዚህ እተኛለሁ። አዎ፣ ጭቃው ላይ። አሮጌ ማዳበሪያ ከረጢት አነጥፋለሁ፣ አትንጫጫ።

ጎጆ ላይ ያለ ወፍ አላነሳም፤ እናቲቱ ከተነሳች ቁራው እንቁላሉን ያየዋል። እስስቷን ወደ ተሻለ አበባ የሚያዛውሩ አሉ። ረጋ እንዲልላቸው እንሽላሊት ፍሪጅ ውስጥ የሚያቀዘቅዙም አሉ። ያ ፎቶ ውሸት ነው፤ ቢያምርም አልወደውም። ያነሳሁትን አይናቹራሊስት በሚባለው መተግበሪያ ላይ እሰቅላለሁ፣ የሚያውቁ ሰዎች ስሙን ይነግሩኛል። ለመጥፋት የተቃረበ እንስሳ ከሆነ መተግበሪያው ትክክለኛ ቦታውን ይደብቀዋል፣ ሌባ እንዳይከተለው።

ከእባብ ይልቅ የሚያስቸግረኝ ሰው ነው። ሱሉልታ ላይ ካሜራ የያዘ ሰው ሲታይ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «መሬት ልትለኩ ነው?» ነው። አልፈርድባቸውም። ሜዳው እየታጠረ፣ ቤት እየተሠራበት ነው፤ አምና እንቁራሪት የቀዳሁበት ቦታ ዘንድሮ ብሎኬት ተከምሮበታል። ስለዚህ ካሜራውን ከማውጣቴ በፊት በኦሮምኛ ሰላም እላለሁ፣ የማን ማሳ እንደሆነ እጠይቃለሁ፣ ያነሳሁትን በስክሪኑ አሳያለሁ። ፎቶውን ያየ ገበሬ ከዚያ በኋላ ራሱ ነው የሚጠራኝ። ግድብ አካባቢ ደግሞ ጥበቃ አለ፤ ሳላስፈቅድ አላነሳም። አንዱ ጥበቃ «ፎቶውን አጥፊው» ብሎ ጮኸብኝ፣ ኋላ ዝይዋን ሳሳየው «ወደ ልጄ ስልክ ላኪልኝ» አለ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ለገና እንመጣለን ብለሃል። ደስ ይለኛል፣ ግን የገና በዓል የሚውለው በበጋ ነው። ሜዳው ደረቅ ነው፣ እንቁራሪት የለም። አቃቂ፣ አባ ሳሙኤል በኩል፣ ከአውሮፓ የሚመጡት፣ ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ግራጫ ወፎች ይኖራሉ፣ እሱን አልክድም። የልጆችህ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ግን ሐምሌ ነው። ሐምሌ ብትመጡ ይሻላል። የትኬቱን ዋጋ አወዳድርና ንገረኝ።

ቸኮሌት አታምጣ። ትርፍ የካሜራ ባትሪ፣ አንድ ሚሞሪ ካርድና ቀይ መብራት ያለው የግንባር ባትሪ አምጣልኝ። የልጆቹን የእግር ቁጥር ደግሞ አሁኑኑ ላክልኝ። ቦቲ አዲሱ ገበያ ርካሽ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ይወደዳል።

እናትህ
ሱሉልታ