ቦሎቄ ባቄላ አይደለም

የተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ አፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ባለፈው እሑድ ያወጣችሁትን ዘገባ ሱቄ በር ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ዐይኔን ተጠራጥሬ ነበር። «ኬንያውያን የሚወዱት የኢትዮጵያ ቀይ ባቄላ» ይላል። ቀይ ባቄላ! መርካቶ እህል በረንዳ 22 ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ጭነት አላየሁም። ወደ ኬንያ የሚሄደው ቀይ ቦሎቄ ነው። ዘጋቢው ከእንግሊዝኛ ሲገለብጥ ያገኘው ቃል ለሁለቱም ያገለግል ይሆናል፤ የእኛ ቋንቋ ግን በእህል ስም ድሃ አይደለም። ስለ ባቄላ አበው የተረቱትን እዚህ አልደግመውም፤ ጋዜጣው የቤተሰብ ነው።

ለአንድ ቃል ይህን ያህል ምን ያናድዳል ትሉኝ ይሆናል። ዘገባው የሚያወራው ስለ ቀረጥ ነው፤ ቀረጥ የሚሰላው ደግሞ በታሪፍ መጽሐፍ ቁጥር ነው። ደረቅ ቦሎቄ 0713.33 ላይ ሲመደብ ባቄላ 0713.50 ላይ ነው። ማሾ እንኳ የራሱ 0713.31 አለው። አገሮቹ ቀረጥ ለመቀነስ ቃል የገቡት በእነዚህ መስመሮች ነው። ስለዚህ የእህሉን ስም ያሳተ ዘገባ ስለ ቀረጡ የሚነግረኝን እንዴት ልመነው?

አላመንኩትም፤ ደግሞም ልክ ነበርኩ። «ቀረጥ ታሪክ ሆነ» ብላችኋል። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ኪጋሊ ላይ ሲፈረም እንዲህ አላለም። 90 በመቶው የታሪፍ መስመር የሚነሣው ቀስ በቀስ ነው፤ እንደ እኛ በማደግ ወደ ኋላ ለቀሩት አገሮች 10 ዓመት፣ ለሌሎቹ 5 ዓመት ተሰጥቷል። 7 በመቶው «ጥንቃቄ የሚሻ» ተብሎ ከዚያም በላይ ጊዜ ይወስዳል። 3 በመቶው ጨርሶ አይነካም። እነዚህ ሁለት ጓዳዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው ምን ይመስላችኋል? የገበሬ ምርት ነው። የትኛውም መንግሥት የራሱን ገበሬ ማስቆጣት አይፈልግም።

ቀረጡ ዜሮ ቢሆንስ? ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በአንድ የጉምሩክ ኅብረት ውስጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ግን ኬንያ በቆሎው ላይ አፍላቶክሲን ተገኘ ብላ የሁለቱን ጎረቤቶቿን በቆሎ አገደች። እገዳውን በቀናት ውስጥ ብታላላውም የምርመራ ማስረጃና ሌላ ሌላም ቅድመ ሁኔታ ጨመረችበት። ይህ በእርጥበት የሚመጣ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው፤ በፊርማ አይጠፋም። እናንተ ስለ ማከማቻ አንድ መስመር እንኳ አልጻፋችሁም።

የእኔን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መኪና ቀይ ቦሎቄ ወደ ሞያሌ ጫንኩ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ወረቀቱን ሲያዘጋጅልኝ በሥሪት አገር ምስክር ወረቀቱ ላይ «ባቄላ» ብሎ ጻፈ፤ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱ «ቦሎቄ» ይላል። ለስምንት ቀን መኪናው ቆመ። በአምስተኛው ቀን ዘነበ፤ ሸራው ጥግ ላይ ተቀዶ ስለነበር ዳር ዳሩ ያሉት ጆንያዎች ራሱ። ስንከፍታቸው ፍሬው አብጦ ቆዳው ተሰንጥቋል፤ አንዳንዱም አቆጥቁጧል። የቀረውን ለሾፌሩ የቆመበትን፣ ለአስተላላፊው የተመላለሰበትን ከፍዬ በኪሳራ ሸጥኩት። እንግዲህ ጋዜጣ ላይ «ቀይ ባቄላ» የሚል ቃል ሳይ ደሜ ቢፈላ ይፈረድብኛል?

ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ እኛን «ሰንሰለቱን የሚያስረዝሙ ደላሎች» አላችሁን፤ ስምምነቱ እኛን «ከመሐል አውጥቶ» ገበሬውን ከናይሮቢ ገዢ ጋር ያገናኘዋል ተብሏል። ማለፊያ ነው። ሦስት ኩንታል ያለው የወላይታ ገበሬ ሞያሌ ድረስ በምን ያደርሰዋል? በአህያ? መኪና የሚሞላ እህል ከመቶ ደጃፍ የሚለቅም፣ የሚያበጥር፣ የሚመዝንና ገንዘቡ እስኪመለስ ወለድ የሚከፍል ሰው ያስፈልጋል። እናንተ ገጹን ስታዘጋጁ እኔ ሱቅ ሰባት ሴቶች ጠጠሩንና ነቀዝ የበላውን በጣታቸው ይለቅሙ ነበር። እነሱም ደላላ ናቸው?

ዘጋቢው ያነጋገራቸው ሰዎች ሁሉ አንድ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ የተገኙ ናቸው፤ ራሱ ጽፎታል። ከዚያ እህል በረንዳ በታክሲ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ ከኮሜሳ (ከምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አባላት አንዷ ሆና እ.ኤ.አ. በ2000 ከተጀመረው የኮሜሳ ነፃ የንግድ ቀጠና ለምን ለዓመታት ውጪ እንደቆየች ቢጠይቀን እንኳ ከመካከላችን የሚመልስ አያጣም ነበር።

እርማቱን በዚያው ገጽና በዚያው የፊደል መጠን እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ዘጋቢውም ይምጣ፤ ቡና አፈላለታለሁ፤ ቦሎቄና ባቄላ በሁለት ሰፌድ ጎን ለጎን አስቀምጥለታለሁ። እንግሊዝኛውን እሱ ያውቃል።

አንድ እህል ነጋዴ
መርካቶ፣ እህል በረንዳ