ትንሹ ልጅዎ ያመለከተው ነገር

ለተከበሩት አባቴ፣ ደሴ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ ከደሴ ብርድ ጋር እንዴት ነው? እኛም እዚህ አሜሪካ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ስለ ትንሹ ወንድሜ በስልክ «ሐኪም ከሆነ በኋላ ደግሞ ምን ቀርቶት ነው የሚያመለክተው? የራሱን ክሊኒክ ቢከፍት አይሻልም ወይ?» ያሉኝን በስልክ ልመልሰው ብል አይጨረስም። ስለዚህ መነጽርዎን አድርገው ቀስ ብለው ያንብቡት።

ያመለከተው የሕፃናት ነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ አምስት ዓመት ይፈጃል። ሁለቱ የሕፃናት ሕክምና፣ ሦስቱ የነርቭ ነው፤ ከሦስቱ ውስጥም አንዱ ዓመት ከአዋቂ ሕመምተኞች ጋር ያልፋል። የሕፃናት ሐኪም የአዋቂ ስትሮክ ምን ያደርግለታል እንዳይሉ። አዋቂ «እዚህ ጋ ይደነዝዘኛል» ብሎ ያሳያል፣ ሐኪሙም ምርመራውን በእሱ ላይ ይለማመዳል። የስምንት ወር ልጅ ምንም አይነግርም።

የሚያክመውን ለመረዳት አንዱን ብቻ ልንገርዎት። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከእንቅልፉ ሲነቃ ድንገት ጎንበስ ይላል፣ እጆቹን ይዘረጋል፣ ይለቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ እንደገና፣ ከዚያም እንደገና። ቤተሰብ ቁርጠት ነው ብሎ ያልፈዋል፣ አንዳንዴ ጤና ጣቢያም እንዲሁ። እሱ ግን የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው፤ ሕክምናው በዘገየ ቁጥር የልጁ አእምሮ ዕድገት ይጎዳል። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው በስልኩ ቀርጾ ለሐኪም ያሳይ፤ ሐኪም ፊት ላይመጣ ይችላልና። ለጎረቤቶቹም ይህን ይንገሩልኝ፦ የሚጥለው ልጅ ሲወድቅ ክብሪት ማሽተትም፣ ጥርሱ መሐል ማንኪያ መክተትም ይቅር። በጎኑ አስተኝቶ ሰዓት ማየት ነው፤ አምስት ደቂቃ ካለፈው ወደ ሆስፒታል።

ወደ ማመልከቻው ልመለስ። ለሁሉም ፕሮግራም (ሐኪም የሚያሠለጥኑት ሆስፒታሎች ማለት ነው) የሚላከው ኢራስ በሚባል አንድ የኢንተርኔት መስመር ሲሆን፣ ፕሮግራሞቹ ማንበብ የጀመሩት መስከረም 14 ነው። ገንዘቡ የት ገባ ላሉኝ፣ የአሜሪካ የሐኪምነት ፈተናዎቹ ክፍያ ብቻ ለእያንዳንዳቸው ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። የመጀመሪያው ፈተና እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ስለሚል አሁን ሰው የሚመዝነው የሁለተኛውን ነጥብ ነው። ከነጥቡ ሌላ የትምህርት ማስረጃው፣ ሙያውን ለምን እንደመረጠ የጻፈው አንድ ገጽና የሐኪሞች የድጋፍ ደብዳቤ ይታያል። ለአንድ ፕሮግራም ከአራት ደብዳቤ በላይ አይላክም፤ ስለዚህ የሚያውቁትን ባለሥልጣን ሊያስጽፉለት ያሰቡትን ይተዉት። «ታታሪ፣ ጨዋ፣ ሥነ ምግባር ያለው» የሚል ወረቀት እዚህ ማንም ሁለቴ አያየውም። አብሮት ተረኛ ሆኖ ያደረ የሕፃናት ሐኪም «ይህን ልጅ እንዲህ መረመረ፣ ይህን ጠረጠረ፣ ኢኢጂ (የአንጎል ሞገድ መመርመሪያ) በሌለበት በዚህ ወሰነ» ብሎ ከጻፈለት ይበቃል።

ሕፃናት ክፍል የያዘውን ሥራም አያስተዉት። ከምረቃ በኋላ ከሕሙማን ጋር ያልተሠራበት ጊዜ ሲረዝም ብዙ ፕሮግራሞች ፋይሉን ሳይከፍቱ ያልፉታል። ክሊኒኩ ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

አሁን የእርስዎ እጅ የሚያስፈልግበት ጊዜ መጣ። ከጥቅምት እስከ ጥር ቃለ መጠይቅ ነው፣ አብዛኛው በዙም። በምሥራቅ አሜሪካ ጠዋት 9:00 የተያዘ ቀጠሮ ደሴ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ማለት ነው። ጥቅምት 23 ግን እዚህ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ ያው ቀጠሮ 11 ሰዓት ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ቴክሳስ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰዓት ይጨምሩበት። ቀጠሮ የሚያመልጠው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ጠዋቱን ቀጠሮው በእኛ አቆጣጠር ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቁት። በዚያ ቀን ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ከመንገዱ የሚርቀው የጓሮው ክፍል ለእሱ ይለቀቅ። ቡና ቢፈላም ይቆየው፤ በር ከፍቶ «ና ጠጣ» የሚለው ሰው እንዳይኖር። ላፕቶፑ ቻርጅ ሞልቶ ይዋል፣ ዋይፋይ ሲቋረጥ የሚተካው የስልክ ጥቅል አስቀድሞ ይገዛ። መስኮቱ ከፊቱ ይሁን፤ ከጀርባው ከሆነ ፊቱ ይጠቁርና ሰዎቹ ጥላ ሲያናግሩ ያመሻሉ።

ሲጠየቅም የሚያጠምደው ከባድ ጥያቄ አይደለም፤ «ለምን የአዋቂ ነርቭ ሕክምናን አልመረጥክም?» የሚለው ነው። «ሕፃናት ስለምወድ» ብሎ ካበቃ ከመቶው አንዱ ሆነ። የአንድ ልጅ ሕመም መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንዳየ፣ ፌኖባርቢታል የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሰጥቶ ምን እንደተለወጠና ምን እንዳልተለወጠ በሁለት ደቂቃ ከተናገረ ግን ጆሮ ይሰጡታል። ማታ ማታ እርስዎ ፊት ይለማመደው፤ ለእርስዎ ግልጽ ካልሆነ ለእነሱም አይሆንም።

ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ፕሮግራሞቹን ከሚወደው ጀምሮ በተራ ይጽፋል፣ እነሱም አመልካቾቹን እንዲሁ። ዝርዝሩ የካቲት 25 ይዘጋና የቀረውን ኮምፒዩተር ይሠራዋል። አሠራሩ እንደ ሽማግሌ መላክ ነው። ልጁ መጀመሪያ ወደሚወዳት ቤት ይልካል፤ ቦታ ካላቸው ለጊዜው እሺ ይሉታል፤ የበለጠ የሚፈልጉት ከመጣ ያሰናብቱታል፣ እሱም ሁለተኛ ወደጻፋት ይልካል። እሺታው የሚጸናው የሁሉም መላላክ ሲያበቃ ነው። ስለዚህ ከአቅሙ በላይ የሚመስለውን አንደኛ ቢያደርግ ሁለተኛዋ ቤት አትቀየመውም፣ ቦታውም አይወሰድበትም። «የትኛው ይወስደኝ ይሆን» ብሎ መገመት ነው ሰውን የሚጎዳው። (ሎይድ ሻፕሊና አልቪን ሮት እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት በዚህ ዓይነት ድልድል ሥራቸው ነው፤ ሂሳቡን ይመኑት።) ዋሽንግተን ዘመድ አለን ብለው ሊመክሩት ካሰቡ ከየካቲት 25 በፊት ይሁን። ዝርዝሩ ውል ስለሆነ ውጤት ከወጣ በኋላ እዚያኛው ይሻለኛል ማለት አይቻልም።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንዱ ቦታ አምስቱንም ዓመት አጠቃልሎ ይይዛል። ሌላው የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ብቻ ይሰጥና የሕፃናት ሕክምናውን ሁለት ዓመት አመልካቹ ለብቻው እንዲፈልግ ይተወዋል። ሦስተኛው ዓይነት የሕፃናት ሕክምናውን አስቀድሞ ለጨረሰ ሐኪም የተያዘ ነው፤ እሱን አይመለከተውም። ሁለተኛውን ዓይነት ሳያስተውል ከጻፈ ነርቩን አግኝቶ መነሻውን ሊያጣ ይችላል። ነግሬዋለሁ፤ እርስዎም ያስታውሱት።

ሰኞ መጋቢት 7 ቦታ ማግኘት አለማግኘቱን ብቻ ይነግሩታል። ካላገኘ በዚያው ሳምንት ለተረፉት ቦታዎች እንደገና ያመለክታል፤ ስለዚህ ሰኞ መጥፎ ዜና ቢመጣ ለቅሶ ቤት አታድርጉት፣ ሥራ አለበት። የት እንደደረሰው የሚታወቀው ዓርብ መጋቢት 11 ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ዒዱም እዚያው ላይ ይመስላል፤ በጉን ለዒዱ እንጂ ለውጤቱ አስቀድመው እንዳይነዱ። ለመስጊድ ጓደኞችዎም እስከዚያ አይንገሩ።

ቦታ ካገኘ ሥራው የሚጀምረው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፣ ቪዛው በአብዛኛው ጄ-1 የሚሉት ነው። ለእሱ ከጤና ሚኒስቴር ሀገሪቱ በዚህ ሙያ ሐኪም እንደሚያስፈልጋት የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠየቃል። ቃሉ የተወሰነ ነው፤ የሙያው ስም ከተመደበበት ጋር ካልገጠመ ይመልሱታል። ይህ ቪዛ ሲያበቃ ሁለት ዓመት ሀገር ቤት መመለስን ያስገድዳል። ከዚያ ነፃ የሚወጣበት መንገድ አለ፤ የተለመደው ሐኪም ባነሰበት አካባቢ ሦስት ዓመት መሥራት ነው። ይመለስ አይመለስ የሚለውን ከአሁኑ አትጨቃጨቁበት።

አሁን የሚጣደፉት ሁለት ነገሮች ናቸው። ዲግሪውን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለአሜሪካኖቹ ማረጋገጥ አለበት፤ ጥያቄው በኢሜይል ሄዶ የሚከፍተው ሰው ሳያገኝ ወራት ሊቀመጥ ይችላል። ልጁ ተረኛ በሚሆንበት ቀን የአጎቴ ልጅ ሬጅስትራር ድረስ በአካል ይሂድ፤ የኮስት ሼሪንግ ክሊራንሱንም ይዞ ይሂድ፣ ካልተያዘ ኦርጅናሉን አይሰጡምና። ሁለተኛው ስም ነው። እዚህ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይያዛል፤ ሙሐመድ የሚለው በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ ወረቀት ላይ በ«ኦ»፣ ሌላው ላይ በ«ዩ»፣ ሌላው ላይ በአንድ «ኤም» ከተጻፈ ሦስት ሰው ይሆናል። የልደት ቀኑም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀየር ሰባትና ስምንት ዓመቱ እየተምታታ ይሳሳታል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ የሚደመረው ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ ስምንት ነው። ፓስፖርቱን፣ የልደት ምስክር ወረቀቱንና ዲግሪውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ፊደል በፊደል ያስተያዩልኝ። የማይገጥም ካለ የሚታረመው በፓስፖርቱ ልክ ነው። የሦስቱንም ፎቶ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይላኩልኝ።

ዱዓዎ አይለየን። ወሰላሙ ዐለይኩም።

ልጅዎ